ስለ «ፓንቻያት» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የህንድ ተከታታይ ድራማ ያላስተዋወቅሁት ወዳጅ የለኝም ማለት እችላለሁ። አንዱ ሳይጀምር ይጠይቀኛል፣ ሌላው ሁለት ክፍል አይቶ ይደውልልኛል፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ የጨረሰ ደግሞ በሌሊት መልእክት ይልክልኛል። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሱን አንድ ቦታ ላሰባስበው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ታሪኩን ቀድሞ የሚያወጣ መልስ ጋ ስደርስ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?

አብሼክ ትሪፓቲ ምህንድስና የተማረ የከተማ ልጅ ነው። ጓደኞቹ ጥሩ ጥሩ መሥሪያ ቤት ገብተዋል፤ እሱ ግን ያገኘው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ በባሊያ አውራጃ፣ ፉሌራ በምትባል መንደር የምክር ቤት ጸሐፊ መሆን። ደመወዙ በወር 20,000 ሩፒ ነው። ጓደኛው «ለልምዱ ይጠቅምሃል፣ ሂድ» ይለዋል፤ እሱም ሻንጣውን ይዞ በሞተር ብስክሌቱ ይሄዳል።

ያስበው የነበረው ቀን እየሠራ ማታ ማታ እያጠና ቶሎ መውጣት ነው። ህንድ ውስጥ «ካት» የሚባል ፈተና አለ፤ በማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪ መማር የሚፈልግ የሚቀመጥበት፣ ፉክክሩ እጅግ ከባድ የሆነ ፈተና ነው። አብሼክ እሱን አልፎ ፉሌራን ሊሰናበት ነው ሐሳቡ። መንደሩ ግን እያንዳንዱን ማታ በሆነ ነገር ይወስድበታል። መብራት ይጠፋል፣ ሰርገኛ ይመጣል፣ ሌባ ይገባል፣ ሰው ይጣላል። ለመውጣት የመጣ ሰው ሳያውቀው እንዴት ሥር እንደሚሰድ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

«ፓንቻያት» ማለት ምን ማለት ነው?

የመንደር ምክር ቤት ማለት ነው። «ፓንች» አምስት ነው፤ ድሮ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የመንደሩን ጉዳይ ከሚዳኙበት ልማድ የመጣ ቃል ነው። ዛሬ ግን በሕገ መንግሥት የታወቀ የመጨረሻው የመንግሥት እርከን ሆኗል። ሊቀ መንበሩ «ፕራዳን» ይባላል፣ ለአምስት ዓመት በሕዝብ ይመረጣል። ጸሐፊው ግን አይመረጥም፤ መንግሥት የሚቀጥረው ሠራተኛ ነው። ይህን ልዩነት ከጅምሩ ብታውቁት ብዙው ቀልድ ይገባችኋል፤ አብሼክ የመንግሥት ደብዳቤና ማኅተም በእጁ ያለ፣ ግን መንደሩ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ፕራዳኑ ደግሞ ወረቀት ብዙም አይወዱም፤ መንደሩ ሁሉ ግን ዘመዳቸው ነው።

ፉሌራ በእውነት አለች?

በድራማው ያለችው ፉሌራ የፈጠራ መንደር ናት። ባሊያ ግን እውነተኛ አውራጃ ነው፤ በኡታር ፕራዴሽ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከቢሃር ጋር በሚዋሰንበት በኩል ይገኛል። ፉሌራ የሚባል የባቡር መገናኛ ከተማ በራጃስታን ግዛት አለ፤ ከታሪኩ ጋር ግን አይገናኝም።

ቀረጻው የተካሄደው ሌላ ግዛት ውስጥ ነው። ማድያ ፕራዴሽ፣ ሴሆር አውራጃ ውስጥ ማሆዲያ የምትባል መንደር አለች፤ ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከቦፓል ብዙም አትርቅም። ቤቱ፣ መንገዱ፣ የውኃ ማማው የእውነት ሰው የሚኖርበት መንደር ነው። በስቱዲዮ የተሠራ መንደር ግድግዳው ሁሉ እኩል ያረጃል፤ ማሆዲያ ላይ ግን አንዱ ግድግዳ ትናንት የተቀባ፣ የጎረቤቱ ቀለሙ የተላጠ፣ የሦስተኛው ጡቡ ገና ያልተለሰነ ሆኖ ታዩታላችሁ። ይህን ልብ ብላችሁ እዩት።

ሰዎቹ እነማን ናቸው? ስማቸው ይደባለቅብኛል

ከአምስት ስድስት ሰው አይበልጡም፣ ሁለት ክፍል ስታዩ ይለዩላችኋል።

ጸሐፊው አብሼክን የሚጫወተው ጂቴንድራ ኩማር ነው። ራሱም በካራግፑር የህንድ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲቪል ምህንድስና ተምሮ ወደ ትወና የገባ ሰው ነው። ምህንድስና ተምሮ ሌላ ቦታ ራሱን ያገኘ ወጣት ፊት ላይ የሚነበበውን ድብልቅልቅ ስሜት ሲያሳይ ለምን እንደሚያምርበት ይህ ሳያስረዳ አይቀርም።

ፕራዳን የሚባሉት ብሪጅ ቡሻን ዱቤ ናቸው፤ ራግቢር ያዳቭ ይጫወቷቸዋል። ያዳቭ በ1980ዎቹ በብሔራዊው ቴሌቪዥን በዱርዳርሻን ዘመን ስማቸው የገነነ አንጋፋ ናቸው። ሚስታቸውን ማንጁ ዴቪን የሚጫወቱት ኒና ጉፕታ ናቸው። ኒና ጉፕታ በ2017 በኢንስታግራም ገጻቸው ላይ ሙምባይ እንደሚኖሩና ጥሩ ሥራ እየፈለጉ እንደሆነ በግልጽ የጻፉ ናቸው። አንድ አንጋፋ ተዋናይት ሳያፍሩ «ሥራ ስጡኝ» ብለው ከሦስት ዓመት በኋላ ማንጁ ዴቪን ሆነው ሲመጡ ማየት ለእኔ ልዩ ደስታ ነበረው።

ቪካስ የቢሮው ረዳት ነው፣ ቻንዳን ሮይ ይጫወተዋል። ፕራህላድ ምክትል ፕራዳን ነው፣ ፋይሰል ማሊክ ይጫወተዋል። መንደርተኛው «ፕራህላድ ቻ» ይለዋል፤ «ቻ» የአጎት ቁልምጫ ነው። ሪንኪ የፕራዳኑ ልጅ ናት፤ ስለ እሷ ኋላ እናወራለን። ባላንጣው ቡሻን ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ጎልቶ ይወጣል፤ ሚስቱ ክራንቲ ዴቪ ደግሞ ከባሏ ትብሳለች።

ሊቀ መንበሯ ሚስትየዋ ከሆኑ ባልየው ለምን «ፕራዳን» ይባላሉ?

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ የሚጠይቀኝ ይህን ነው፣ በድራማው ውስጥም ከሁሉ የጠለቀው ጉዳይ ይኸው ነው።

ህንድ በ1992 ሕገ መንግሥቷን ለ73ኛ ጊዜ አሻሻለች፤ ማሻሻያው ከሚያዝያ 24 ቀን 1993 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ መሠረት በመንደር ምክር ቤቶች ውስጥ ከመቀመጫው፣ ከሊቀ መንበርነቱም ጭምር፣ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ብቻ ይሆናል። ተራው የደረሰው መንደር ወንድ ዕጩ ማቅረብ አይችልም። ታዲያ በብዙ ቦታ ምን ሆነ? ሥልጣኑን መልቀቅ ያልፈለገው ባል ሚስቱን ያስመርጣል፣ ወንበሩ ላይ ግን ራሱ ይቀመጣል። ለዚህ ስም እንኳ ወጥቶለታል፦ «ፕራዳን ፓቲ»፣ የፕራዳኗ ባል ማለት ነው።

ፉሌራም እንዲሁ ነው። የተመረጡት ማንጁ ዴቪ ናቸው፤ ስብሰባ የሚመሩት፣ የሚቆጡት፣ የሚያስታርቁት ባላቸው ናቸው። ማንጁ ዴቪ ቤታቸው ሆነው ማድቤቱን ይዘዋል። የሚገርመው ማንም ይህን እንደ ነውር አያየውም፤ እሳቸው ራሳቸውም። የድራማው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ አንድም ሰው ቆሞ ስለ ሴቶች መብት ንግግር አያደርግም። ያለውን ነገር እንዳለ ያሳያችኋል፣ እናንተም ትስቃላችሁ፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ያሳስባችኋል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ይህን ጉዳይ ያነሳዋል። ጥር 26 የህንድ ሪፐብሊክ ቀን ነው፣ ባንዲራ መስቀል የሊቀ መንበር ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ባልየው ሲሰቅሉ ኖረዋል። አንድ ባለሥልጣን ሴት «ተመራጯ የት አሉ?» ብለው እስኪጠይቁ ድረስ። ባንዲራ የሚሰቅል ሰው ብሔራዊ መዝሙሩንም መምራት አለበት፤ ማንጁ ዴቪ ደግሞ መዝሙሩን አያውቁትም። ሲለማመዱ የሚታዩበትን ትዕይንት ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ቃሉ ይጠፋባቸዋል፣ ይመልሱታል፣ ደግሞ ይጠፋባቸዋል። በሕዝብ ፊት ሲቆሙ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ የፊታቸውን ለውጥ እዩ። በቀጣዮቹ ምዕራፎች ከቤታቸው ቀስ በቀስ እየወጡ፣ አስተያየት እየሰጡ፣ አንዳንዴም ባላቸውን እየገሠጹ የሚሄዱት ከዚያች ጠዋት ተነሥተው ነው።

ጉዳዩ ከስክሪን ወጥቶ መንግሥት ጋ ደርሷል። በ2025 የህንድ የፓንቻያት ጉዳዮች ሚኒስቴር ከድራማው አዘጋጆች ጋር ሆኖ «እውነተኛው ፕራዳን ማን ነው?» የሚል ትርጉም ያለው አጭር ፊልም አሠርቷል፤ ዋናዋ ተዋናይም ኒና ጉፕታ ናቸው።

እውነት ያስቃል? ሁለት ክፍል አይቼ ሳቅ አልመጣልኝም

የሚያስቅ ነገር እየጠበቃችሁ ከተቀመጣችሁ ላይመጣ ይችላል። እዚህ የሚንኮታኮት ሰው የለም፣ ከበስተጀርባ የሚስቅ ተመልካች ድምፅ የለም፣ ቀልድ ተናግሮ ለአፍታ የሚጠብቃችሁ ተዋናይም የለም። ሳቁ የሚመጣው ትንሽ ነገር በሙሉ ልብ ሲያዝ ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። አብሼክ ተደግፎ የሚያጠናበት ባለ ጎማ፣ የሚሽከረከር ወንበር በራሱ ገንዘብ ይገዛል። በቃ፣ ወንበር ነው። ግን ፕራዳኑ መጥተው ሲያዩት ዝም ይላሉ። የእሳቸው ወንበር ተራ ነው፤ የጸሐፊው ግን ከፍ ያለ፣ ጀርባው የተመቸ፣ ዞሮ የሚመለስ። ቪካስና ፕራህላድ ወንበሩን ያያሉ፣ የፕራዳኑን ፊት ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። ማንም ምንም አይልም። ይህ ሳያንስ ሰርገኛ ቢሮው ውስጥ ያርፋል፣ ሙሽራው ወንበሩን ይወደዋል፣ ከአብሼክ ጋር ይጋጫሉ፣ ሙሽራው ያኮርፋል። የመንደሩ ክብር፣ የሙሽሪት ወላጆች ጭንቀት፣ የሁለት ቤተሰብ ዝምድና አንድ ባለ ጎማ ወንበር ላይ ይንጠለጠላል። ወንበሩ የማን እንደሚሆን አልነግራችሁም፤ ግን የአብሼክን ዓይን ስታዩ ትስቃላችሁ፣ ታዝኑለታላችሁም።

የመጀመሪያው ክፍልም እንዲሁ ነው። አዲሱ ጸሐፊ ሥራ ሊጀምር ይመጣል፣ ቢሮው ተቆልፏል፣ ቁልፉ የለም። ቁልፉ ማሳ ላይ ወድቆ መንደርተኛ ሲፈልገው ይውላል። አንድ ክፍል ሙሉ ስለ አንድ ቁልፍ! ከገጠር ጋር ትውውቅ ያለው ሰው ግን ቀኑ በዚህ እንደሚያልፍ ያውቃል። ለዚህም ነው ሦስተኛውን ክፍል ሳታዩ አትፍረዱ የምለው፤ ዓይናችሁ ከፍጥነቱ ጋር መልመድ አለበት።

ገጠሬው ላይ ያሾፋል እንዴ?

የለም፤ እኔን ከዚህ ድራማ ጋር ያፋቀረኝ ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ስለ ገጠር የሚሠራ ብዙ ኮሜዲ የገበሬውን አነጋገር፣ አለባበስ፣ አለማወቅ ይዞ ከተሜውን ያስቃል። እዚህ ግን ቀልዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በተማረው ሰው ላይ ነው።

መንፈስ አለበት የሚባለውን ዛፍ ውሰዱ። ለመንደሩ የፀሐይ ኃይል መብራቶች መጥተዋል፣ አብሼክ ለማታ ጥናቱ አንዷን ቢሮው ደጃፍ ማስተከል ይፈልጋል። ቦታው ሁሉ ተደልድሏል፤ የቀረችው «መንፈስ ያሳድዳል» የሚባልበት ዛፍ አጠገብ የምትተከለዋ ናት። መንፈስ እንደሌለ ካረጋገጠ መብራቷ ወደ እሱ ልትመጣ ትችላለች። ስለዚህ ምሁሩ ሰው ይነሣና እንደ መርማሪ ቤት ለቤት ይጠይቃል። ፍለጋው የሚያደርሰው የት እንደሆነ ታዩታላችሁ፤ ወሬውን የጀመረው ያልተማረ ገበሬ አይደለም እላችኋለሁ። ደግሞ አብሼክ በጨለማ ብቻውን ወደ ዛፉ ሲሄድ እግሩን ተመልከቱ። የሚሮጠው ማን ነው?

ወይም የቤተሰብ ምጣኔ መፈክሩን። ከላይ በመጣ ትእዛዝ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው መፈክር ሁለት ልጅ ጣፋጭ ገንፎ፣ ከዚያ በላይ ግን ኪንታሮት ነው ይላል። ሦስትና አራት ልጅ ያለው አባት ተሰድቤያለሁ ብሎ ቢነሣ ጥፋቱ የማን ነው? ድራማው መንደርተኛውን «ኋላ ቀር» አይለውም። ሰውየው ልጆቹን ሰደባችሁብኝ ነው የሚለው፣ ልክም ነው።

ይህ የሚሆነው ጸሐፊው ቻንዳን ኩማርና ዳይሬክተሩ ዲፓክ ኩማር ሚሽራ ሰዎቹን ከላይ ወደ ታች ስለማያዩአቸው ነው። ሁሉም ሰው የሚያደርገውን የሚያደርግበት ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ይታያል።

ስንት ምዕራፍ አለው? የት ነው የሚታየው?

እስካሁን አራት ምዕራፍ አለው፣ እያንዳንዱ ስምንት ክፍል ነው፤ በድምሩ 32። የመጀመሪያው በሚያዝያ 3 ቀን 2020 ወጣ፣ ሁለተኛው በግንቦት 2022፣ ሦስተኛው በግንቦት 28 ቀን 2024፣ አራተኛው በሰኔ 24 ቀን 2025። አዘጋጁ ቲቪኤፍ የተባለው ድርጅት ነው፣ የሚታየው በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ ነው። የመጀመሪያው የወጣበትን ቀን ልብ በሉ፤ ህንድ በኮሮና ምክንያት ቤቷን ከዘጋች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። በከተማ አፓርታማ ተዘግቶ የነበረ ሰው ማሳ፣ ሰፊ ሰማይና ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ጎረቤት ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም።

ከየትኛው ልጀምር? መሀል ገብቶ ማየት ይቻላል?

ከአንድ ጀምሩ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጉዳይ አለው፣ ግን ከሥር የሚጠራቀም ነገር አለ። ለምሳሌ ሪንኪ በመጀመሪያው ምዕራፍ ስሟ ይጠራል፣ ስለ እሷ ይወራል፣ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ግን ፊቷን አታዩትም። አብሼክ «የውኃ ማማው ላይ ውጣ፣ መንደሩ ከዚያ ያምራል» ሲባል ከርሞ በመጨረሻው ክፍል ይወጣል። ከላይ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ያለፉትን ሰባት ክፍሎች ያላየ ሰው ትርጉሙ አይገባውም።

ሂንዲ አልችልም፤ የግርጌ ጽሑፍ ይበቃል?

ይበቃል፣ አንድ ነገር ግን ይጎድላል። እንግሊዝኛው ላይ ሁሉም «አንተ» ነው፤ ሂንዲ ግን ሦስት እርከን አለው፦ ለታናሽ ወይም ለቅርብ «ቱ»፣ ለእኩያ «ቱም»፣ ለክብር «አፕ»። እኛ አንተና እርስዎን ስለምናውቅ ጆሯችንን ብንሰጥ ልንለየው እንችላለን። «ጂ» የምትለዋን ቅጥያ አድምጡ፦ «ሳቺቭ ጂ»፣ ጸሐፊ ሆይ እንደማለት፣ «ፕራዳን ጂ»። ሰው ሲናደድ «ጂ» ትጠፋለች፣ ሲታረቅ ትመለሳለች። ፕራዳኑ ወጣቱን አብሼክን በልጃቸው ዕድሜ ሆኖ ሳለ «ሳቺቭ ጂ» ብለው ነው የሚጠሩት። የግርጌ ጽሑፉ ይህን አይነግራችሁም።

ከቤተሰብ ጋር ይታያል?

በአብዛኛው አዎ። አልፎ አልፎ ስድብ አለ፣ ወንዶቹ ማታ ተሰብስበው ቢራ ይጠጣሉ፤ ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆናችሁ ቀድማችሁ እዩት። ከወላጅ ጋር ማየት ግን ልዩ ነው። እናቴ አንድም የሂንዲ ቃል ሳያውቁ ማንጁ ዴቪ ባላቸውን ሲቆጡ ከእኔ ቀድመው ይስቁ ነበር።

«ዴክ ራሃ ሄ ቢኖድ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

«ታያለህ ቢኖድ?» ማለት ነው። ቡሻን ጭፍራውን ቢኖድን አጠገቡ አቁሞ የባላንጣዎቹን ሥራ እያሳየ የሚለው ነው። ቡሻንን ዱርጌሽ ኩማር፣ ቢኖድን አሾክ ፓታክ ይጫወቱታል። ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ኢንተርኔቱን ሞላው፤ የሰው ደህና ነገር አይቶ ነገር የሚፈልግ ሰውን ሁሉ የሚገልጽ ሆነ። ቢኖድን ግን አትናቁት። ሰው የሚያዘው፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቆም ድሃ ሰው ነው፤ በአራተኛው ምዕራፍ ማንነቱ የሚታይበት ቦታ አለ።

የሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ለምን ሰውን ሁሉ ያስለቅሳል? (ያላያችሁ ይህን እለፉት)

ፕራህላድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ያለው አንድ ልጁ ራሁል ነው፣ ወታደር። በስምንተኛው ክፍል ራሁል ድንበር ላይ ይሞታል።

እስከዚያ ድረስ ፕራህላድ የሳቃችን ምንጭ ነበር። ግዙፍ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሲስቅ ሰውነቱ ሁሉ የሚስቅ። ወሬው ሲደርስ ካሜራው አይጮኽም፣ ሙዚቃው አይጮኽም። መንደሩ በሙሉ ይወጣል፤ በወንበር የተጣሉት፣ በመፈክር የተኳረፉት ሁሉ። ፕራህላድ ለረጅም ጊዜ አያለቅስም። የሚያለቅሰው ኋላ ነው፣ ወዳጆቹ መሀል። በዚያ ሁሉ ክፍል ስለ ቁልፍና ስለ መብራት ስንስቅ ከርመን እነዚህን ሰዎች እንደ ጎረቤት የለመድናቸው ለካ ለዚህች ቀን ነበር። ሐዘን ቤት ለመግባት መጀመሪያ ጎረቤት መሆን ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ምዕራፍ ፕራህላድ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። ቤቱ አይገባም፣ ይጠጣል፣ ለልጁ ሞት የተሰጠው ገንዘብ ምንም አያደርግለትም። ፋይሰል ማሊክ ከዚያ በፊት በፕሮዲዩሰርነት ይበልጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ይህን ሲጫወት ካየሁት በኋላ ሌላ ሰው በቦታው ማሰብ አልቻልኩም።

አራተኛውን ምዕራፍ ብዙ ሰው ለምን አልወደደውም?

ምዕራፉ በሙሉ ምርጫ ነው፤ ማንጁ ዴቪና ክራንቲ ዴቪ ለፕራዳንነት ይወዳደራሉ። ፊደል ያልቆጠረ መራጭ እንዲለይ ዕጩዎች ምልክት ይሰጣቸዋል፤ የማንጁ ዴቪ ቅል ነው፣ የክራንቲ ዴቪ ፕሬሸር ኩከር። (ቅሉ ላይ ፈገግ የሚለው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ያየ ሰው ነው፤ ፕራዳኑ ከማሳቸው ቅል እየቆረጡ ለሰው መስጠት ይወዳሉ።)

ቅሬታው በከፊል ይገባኛል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጠላት የሚባል አልነበረም፤ ችግሩ ኑሮው ራሱ ነበር። ኋላ ላይ የግዛቱ ምክር ቤት ተመራጩ፣ ሽኩቻው፣ ጥይቱ ሲገባ ያ ለስለስ ያለ አየር ቀነሰ። አብሼክም ከታሪኩ መሀል ወደ ዳር ወጣ። ቢሆንም መንደር ሁልጊዜ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚከፋፈልበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የማይነጋገርበት ጊዜ አለ። የምርጫው ውጤት የተነገረ ዕለት ማታ የፕራዳኑ ደጃፍ ላይ ያለውን ዝምታ እዩና ፍረዱ።

ሽልማት አግኝቷል?

አዎ። በ2023 ጎዋ ላይ በተካሄደው 54ኛው የህንድ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለኢንተርኔት ተከታታይ ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን ሽልማት የወሰደው የ«ፓንቻያት» ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። በ2024 በታሚል፣ በ2025 ደግሞ በቴሉጉ ቋንቋ በሌሎች ተዋናዮች እንደገና ተሠርቷል።

ይቀጥላል?

አምስተኛው ምዕራፍ እንደሚሠራ ተነግሯል። እስከዚያ ግን የመጀመሪያውን ደግማችሁ እዩ። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት የመጀመሪያው ክፍል ላይ ቁልፉን ሲፈልጉ ማሳው ዳር የቆሙትን ሰዎች ስም በሙሉ ታውቋቸዋላችሁ።